ስሙ አንድ፥ ሰውየው ሁለት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም የሁለት ሰዎች የሆነ እንደ ሆነ ምስጋናው ለየትኛው ይደርሳል? ነቀፌታውስ የየትኛውን መቃብር ይከተላል? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ሊመስል ይችላል። በሩቅ ምሥራቅ አገሮች፥ ይልቁንም በቻይና ታሪክ ውስጥ ግን፥ በስም አንድነት ምክንያት እናት ልጅዋን የተጠራጠረችበት፥ ንጉሠ ነገሥት አንዱን ሹመት ሁለት ጊዜ ለመጻፍ የተገደደበት፥ የታሪክ ሊቃውንትም የአንዱን ምክር ለሌላው እንዳይሰጡ የተቸገሩበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ታሪኮች ጥቂቶቹን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሦስት ጊዜ የተነገረ ወሬ

ዘንግ ሸን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ505 ዓመት ተወልዶ በ435 የሞተ፥ ከታላቁ መምህር ከኮንፉሽየስ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በጠባዩ ቅንነትና ለወላጆቹ በነበረው አክብሮት ነው። ስለ እርሱ፥ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ስለ ነበሩት የጥንት መንግሥታት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው ታሪክ እንዲህ ነው።

ዘንግ ሸን ቢ በምትባል ስፍራ ይኖር በነበረበት ጊዜ፥ ስሙም የቤተ ሰቡም ስም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሰው በዚያው አገር ነፍስ ገደለ። ወሬውን የሰማ አንድ ሰው ወደ መምህሩ እናት ሄዶ፥ ዘንግ ሸን ሰው ገደለ ብሎ ነገራት። እናቲቱም ልጄ ሰው አይገድልም ብላ ሸማዋን መሥራትዋን ቀጠለች። ጥቂት ቈይቶ ሌላ ሰው መጣና ያንኑ ነገር ነገራት፤ እርስዋም እጅዋን ከሥራው ሳታነሣ ዝም አለች። ሦስተኛው መጥቶ ያንኑ ቃል በደገመው ጊዜ ግን ልብዋ ራደ፤ መወርወሪያዋን ጥላ፥ ከአጥር ላይ ዘላ ሸሸች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ከሦስቱ ወሬ ነጋሪዎች አንዱም ውሸት አለመናገሩ ነው። ዘንግ ሸን የሚባል ሰው በእርግጥ ነፍስ ገድሏል። ቃሉ እውነት ነበር፤ ቃሉ የተጣበቀበት ሰው ግን ሌላ ነበር። ሐሰተኛ ምስክር ሳይኖር፥ ጠላት ሳይነሣ፥ ምቀኛ ሳይሸርብ፥ አንድ ንጹሕ ሰው በገዛ እናቱ ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው «የትኛው ዘንግ ሸን?» የምትለውን አጭር ጥያቄ ሦስቱም ስለ ዘለሏት ነው።

ታሪኩን ለመንግሥት ጉዳይ ያዋለው ጋን ማኦ የሚባል የቺን መንግሥት ሹም ነው። የቺን ንጉሥ ዉ፥ ዪያንግ የምትባለውን የጎረቤት መንግሥት ከተማ እንዲይዝ ባዘዘው ጊዜ፥ ጋን ማኦ ከጦርነቱ ይልቅ የፈራው ከኋላው የሚቀሩትን ሰዎች ነበር። ስለዚህ ከመዝመቱ በፊት የዘንግ ሸንን እናት ታሪክ ለንጉሡ ነገረው። እኔ በደግነት እንደ ዘንግ ሸን አይደለሁም፤ ንጉሡም በእኔ ላይ ያለው እምነት እናት በልጅዋ ላይ እንዳላት እምነት አይደለም፤ የሚያሙኝ ሰዎችም ከሦስት ይበዛሉ አለው። ነገሩ የገባው ንጉሥ ወሬ እንዳይሰማ ሺራንግ በሚባል ስፍራ ማለለት።

ጋን ማኦ ዘምቶ ከተማይቱን አምስት ወር ቢከብባት አልያዛትም። የፈራው አልቀረም፤ ሁለት ባለ ሥልጣኖች በንጉሡ ጆሮ ውስጥ ነገር ጣሉበት፤ ንጉሡም ሊመልሰው ጠራው። ጋን ማኦ የመለሰው መልስ ሺራንግ ዛሬም በስፍራው አለ የሚል ብቻ ነበር። ንጉሡ መሐላውን አስታውሶ ተጨማሪ ጦር ላከለት፤ ዪያንግም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ307 ዓመት ተያዘች። እንግዲህ በአንድ የመንደር ስም መመሳሰል የተነሣው ታሪክ አንድን የጦር አዛዥ ከሐሜት አዳነ ማለት ነው።

ሁለቱ ሐን ሺኖች

በዘንግ ሸን ታሪክ ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ደረሰበት የሚታወቅ ነገር የለም። ሁለቱም ሰዎች ዝነኞች ሲሆኑ፥ በአንድ ዘመን ሲኖሩ፥ አንድ ጌታም ሲያገለግሉ ግን ችግሩ ከዚህ ይብሳል። የሁለቱ ሐን ሺኖች ታሪክ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሐን ሺን ሁዋይዪን በምትባል አገር በድህነት ያደገ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሚበላው አጥቶ በወንዝ ዳር ሲቀመጥ፥ ልብስ የምታጥብ አንዲት አሮጊት አይታው ብዙ ቀን ከምሳዋ አካፍላዋለች። በዚያው ከተማ አንድ ጕልበተኛ ወጣት፥ ወይ በሰይፍህ ውጋኝ ወይ በእግሮቼ መካከል ተሳበህ እለፍ ባለው ጊዜ፥ ሐን ሺን ትክ ብሎ ተመለከተውና ተሳቦ አለፈ። ገበያው ሁሉ ሳቀበት። ኋላ ግን ወደ ሊዩ ባንግ ጦር ገብቶ፥ ሺያኦ ሄ የተባለው ታላቅ ሹም ችሎታውን ስላወቀለት፥ የጦሩ ሁሉ አዛዥ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 ዓመት በጂንግሺንግ ወታደሮቹን ወንዝ ከኋላቸው አድርጎ አሰልፎ፥ መሸሺያ በማሳጣት ድል ያደረገበት ዘዴ ዛሬም በጦር ትምህርት ይነገራል። በ202 ዓመት ጋይሺያ ላይ የሊዩ ባንግ ባላንጣ ሺያንግ ዩ በተሸነፈ ጊዜ የድሉ ዋነኛ መሪ እርሱ ነበር። በዚህም የቹ ንጉሥ ተብሎ ተሾመ፤ ለዚያች አሮጊት ሺህ ወርቅ ሰጣት፤ ያን ጕልበተኛም አልቀጣውም፤ የጦር ሹም አደረገው እንጂ።

ሁለተኛው ሐን ሺን የነገሥታት ዘር ነው። አያቱ ሐን በሚባለው፥ ቀደም ሲል በቺን በጠፋው መንግሥት ላይ ነግሦ ነበር፤ ጋን ማኦ የያዛት ዪያንግም የዚሁ መንግሥት ከተማ ነበረች። ይህም ሐን ሺን ሊዩ ባንግን ተከትሎ ተዋጋ፤ በ205 ዓመት የአያቱን የንግሥና ስም አግኝቶ የሐን ንጉሥ ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢን ሊያስቸግር የሚችል ሌላ መመሳሰል አለ። ሊዩ ባንግ ያቆመው ሥርወ መንግሥትም በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሐን» ነው። በቻይናውያን ጽሕፈት ግን የሥርወ መንግሥቱ ሐንና የሁለቱ ሰዎች ሐን ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በእኛም ዘንድ «ሠረቀ» ወጣ፥ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት እንደ ሆነ፥ ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው ግን ልዩነቱን እንደማያውቅ የታወቀ ነው። ሁለቱ ሐን ሺኖች ግን በድምፅም በጽሕፈትም አንድ ናቸው፤ የቀረ የሚለያቸው ምልክት የለም።

የሁለቱም መጨረሻ መራራ ነው። ሊዩ ባንግ ዙፋኑ ከጸና በኋላ ኃይለኞቹን አገልጋዮቹን መፍራት ጀመረ። የሁዋይዪኑን ሐን ሺን በ201 ዓመት በአድማ ተጠርጥሯል ብሎ ያዘውና ከንጉሥነት ወደ መስፍንነት ዝቅ አደረገው። በዚያው ዓመት ሁለተኛውን ሐን ሺን ከግዛቱ አንሥቶ የሺዮንግኑ ፈረሰኞች ወደሚያሰጉት ወደ ሰሜን ጠረፍ ላከው። እዚያም ተከበበ፤ ዕርቅ ለመጠየቅ ወደ ጠላት መልክተኛ በመላኩ ከቤተ መንግሥት የወቀሳ ደብዳቤ መጣበት፤ እገደላለሁ ብሎ ስለ ፈራ ለሺዮንግኑ ገባ። ሊዩ ባንግ እርሱን ሊቀጣ በ200 ዓመት በዘመተ ጊዜ በባይደንግ ሰባት ቀን ተከቦ በጭንቅ ወጣ።

በ196 ዓመት የጸደይ ወራት የሁዋይዪኑን ሐን ሺን፥ ቀድሞ ለሹመት ያበቃው ሺያኦ ሄ ራሱ በዘዴ ወደ ቤተ መንግሥት አስጠራውና እቴጌ ሉ አስገደለችው። በዚያው ዓመት፥ በዚያው ጸደይ፥ ሁለተኛው ሐን ሺን ከሺዮንግኑ ፈረሰኞች ጋር ሆኖ ወደ ድንበሩ ሲገባ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አዛዥ ምሕረት እንደሚያገኝ ጻፈለት። እርሱም ለመመለስ ያለው ናፍቆት አንካሳ ለመቆም፥ ዕውር ለማየት እንደሚናፍቀው ያለ መሆኑን፥ ጥፋቱ ግን ከመብዛቱ የተነሣ መመለስ እንደማይችል መለሰ። በጦርነቱም አንገቱ ተቈረጠ። አንድ ስም፥ አንድ ጌታ፥ አንድ የሞት ዓመት!

ከዚህ በኋላ ጣጣው የታሪክ ጸሐፊዎች ሆነ። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ሲማ ቺየን 130 ምዕራፍ ባለው መጽሐፉ ውስጥ የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን፥ በ92ኛውና በ93ኛው ምዕራፍ አስቀምጦታል። እንዳይምታቱም አንዱን «የሁዋይዪን መስፍን»፥ ሁለተኛውን «የሐን ንጉሥ ሺን» እያለ ይጠራቸዋል። እንዲህም ተጠንቅቆ አንድ ቦታ ላይ ስሙ አምልጦታል። ሊዩ ባንግ ወታደሮቹ የአገራቸው ናፍቆት ሳይበርድ ወደ ምሥራቅ እንዲዘምት የተሰጠው ምክር፥ በንጉሠ ነገሥቱ ዜና መዋዕል ውስጥ «ሐን ሺን» ከሚል ስም ጋር ብቻ፥ ያለ ማዕርግ ተጽፏል። ያው ምክር፥ በጥቂት ቃል ተለይቶ፥ በሁለተኛው ሐን ሺን ታሪክም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ከሲማ ቺየን በኋላ የተነሡ ተርጓሚዎች ይህ የትኛው ሐን ሺን እንደ ሆነ በኅዳግ ማስታወሻ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። አንዲት የማዕርግ ቃል ብትጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልተፈለገ ነበር።

የትውልዳቸውም ዕድል የተለያየ ነው። ሥርወ መንግሥቱን በድል ያቆመው የሁዋይዪኑ መስፍን ዘሩ በሙሉ ተፈጀ። ወደ ጠላት የገባው የንጉሡ ልጅ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ166 ዓመት ወገኖቹን ይዞ ተመለሰ፤ መስፍንነት ተሰጠው፤ በ154 ዓመት ሰባት መሳፍንት ባመፁ ጊዜም ለንጉሠ ነገሥቱ በጀግንነት ተዋጋ። ዛሬ «ሐን ሺን» ሲባል ግን ሰው ሁሉ የሚያስበው ዘር ያልቀረለትን ነው። ስሙን ከመቃብር በላይ ያዋለለት ሥራው ነው።

ስም ለምን ተመሳሰለ?

በቻይና የቤተ ሰብ ስም ይቀድማል፤ የራስ ስም ይከተላል። የቤተ ሰብ ስም የሚሆኑት ቃላት ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ ጥቂት ናቸው። የራስ ስምም በጥንት ዘመን ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ይህ ልማድ በሕግ የጸናበትም ጊዜ አለ። ከ9 እስከ 23 ዓመተ ምሕረት ዙፋን ነጥቆ የገዛው ዋንግ ማንግ የሁለት ቃል ስም እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ የሺዮንግኑ አለቃ እንኳ ረጅም ስሙን በአንድ ቃል እንዲያሳጥር አድርጓል። ከእርሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ አጭር ስም የጨዋ ሰው ምልክት ሆኖ ቈየ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቻይናን ለሦስት የተካፈሉት የጦር መሪዎች ጻኦ ጻኦ፥ ሊዩ ቤይና ሱን ቹዋን ሁሉም የራስ ስማቸው አንድ ቃል ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የንጉሠ ነገሥትን ስም መጥራትም መጻፍም ክልክል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ስሙ ቢንግዪ ይባል ነበር። የስሙ ቃላት በየቀኑ የሚነገሩ በመሆናቸው ብዙ ሰው ሳያውቅ ወንጀለኛ ሆነ። እርሱም ለሕዝቡ አዝኖ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ዓመት ስሙን ሹን ወደሚባል ብዙ ወደማይነገር ቃል ለወጠ፤ ቀድሞ የተላለፉትንም ማራቸው።

የዚህ ልማድ ዳርቻ እስከ ኮርያ ይደርሳል። በ1392 የቾሶንን ሥርወ መንግሥት ያቆመው ዪ ሶንግ ጌ ከነገሠ በኋላ ስሙን ዳን አሰኘ። የቤተ ሰቡ ስም ሲጨመርበት ዪ ዳን ይሆናል። ይህ ስም በቻይና ጽሕፈት ሲጻፍ ከ662 እስከ 716 ከኖረው ከታንግ ንጉሠ ነገሥት ከሊ ዳን ስም ጋር አንድ ነው። ቻይናዊው ሊ ይለዋል፤ ኮርያዊው ዪ ይለዋል፤ ብዕሩ የሚጽፈው ግን አንድ ነገር ነው። ከዚህ የምንማረው ስም በጆሮ ተለያይቶ በዓይን አንድ ሊሆን፥ በዓይን ተለያይቶ በጆሮ አንድ ሊሆን መቻሉን ነው።

ችግሩ ከነገሥታትም አንዱን ብዕር አስነሥቷል። ሺያኦ ዪ የተባለው የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት ከጥንት ጀምሮ እስከ ዘመኑ ስማቸው አንድ የሆነውን ሰዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ንጉሥ መጽሐፍ ወዳድ ነበር፤ በ554 ዋና ከተማው ጂያንግሊንግ በጠላት እጅ ስትወድቅ ግን የሰበሰባቸውን እጅግ ብዙ መጻሕፍት በእሳት አቃጠለ፤ ጥቂት ሳይቈይ እርሱም ተገደለ። የስሞቹ መዝገብ ግን አልጠፋም። በታንግ ዘመን አንድ ሊቅ፥ በሞንጎሎች ዘመንም ሌላ ሊቅ ጨመሩበት፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በተዘጋጀው በታላቁ የዮንግሌ መድበል ውስጥ ተገልብጦ ለትውልድ ተላለፈ።

በፈቃድ የተወሰደ ስም

ስም መጋራት ሁልጊዜ አጋጣሚ አይደለም። ሲማ ሺያንግሩ የቼንግዱ ተወላጅ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ «የውሻ ልጅ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ ግን ከእርሱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረውን የሊን ሺያንግሩን ጀግንነት አድንቆ ስሙን ለራሱ ወሰደ።

ሊን ሺያንግሩ የአንድ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ አገልጋይ ነበር። የቺን ንጉሥ በከበረ ድንጋይ ለውጥ 15 ከተሞች እሰጣለሁ ብሎ የጃኦን ንጉሥ ባታለለ ጊዜ፥ ሊን መልክተኛ ሆኖ ሄደ፤ ተንኰሉን አውቆ በኃይለኛው ንጉሥ ፊት ሳይፈራ ተናገረ፤ ድንጋዩንም ሳይነካ ወደ አገሩ መለሰ። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ283 ዓመት ነው። ማዕርጉ ከፍ ካለ በኋላ ሊየን ፖ የሚባለው የጦር አዛዥ ሊያዋርደው ቢዝት፥ ሁለታችን ከተጣላን አገሪቱ ትጠፋለች ብሎ መንገድ እየለቀቀለት አሳለፈው፤ በመጨረሻም ወዳጆች ሆኑ።

ስሙን የወሰደው ወጣት ግን እንደ እርሱ አልሆነም። ሊን በንግግር የታወቀ ሲሆን ሲማ ኰልታፋ ነበር። ዳሩ ግን በብዕር የሚተካከለው አልተገኘም፤ ንጉሠ ነገሥት ዉ ግጥሙን አንብቦ አስጠራው፤ በኋላም ወደ ደቡብ ምዕራብ ጎሣዎች መልክተኛ አድርጎ ላከው። በ117 ዓመት ሞተ። እርሱ የሌላውን ስም ይዞ የሌላውን ሥራ ለመድገም አልሞከረም፤ በገዛ መክሊቱ ሠራ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሺያንግሩዎች አሉ፤ አንዱም ሁለተኛውን አላደበዘዘውም።

ለዚህኛው ሐን ሆንግ

የመጨረሻው ታሪክ በመሥሪያ ቤት ለሚውሉ ሰዎች የቀረበ ነው። መንግ ቺ የተባለው ጸሐፊ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በሰበሰባቸው ስለ ባለ ቅኔዎች በሚናገሩ ታሪኮች ውስጥ ይገኛል።

ሐን ሆንግ ባለ ቅኔ ነበር። አሥር ዓመት ያህል ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ፥ በእርጅናው ዘመን ሊ ሚየን በሚባል አገረ ገዥ ጽሕፈት ቤት ዝቅተኛ ሥራ አገኘ። የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ የገቡ ወጣቶች ስለ ነበሩ ማንነቱን አላወቁም፤ ግጥሙንም ይንቁበት ነበር። ሽማግሌው አዝኖ፥ አሞኛል እያለ ከቤቱ መዋል አበዛ። የሚወደው ዌይ የተባለ አንድ አነስተኛ ሹም ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ዌይ በሩን አጥብቆ አንኳኳ፤ የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ የመጻፍ ታላቅ ሹመት አግኝተሃል፥ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ሐን ሆንግ ደንግጦ፥ ይህ አይሆንም፤ ስሕተት ነው አለ። ዌይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳው። ቦታው ክፍት ሆኖ ሁለት ጊዜ የዕጩዎች ስም ቢቀርብ ንጉሠ ነገሥት ደዞንግ አልፈቀደም። እንደ ገና ሲጠየቅ ለሐን ሆንግ ይሰጥ ብሎ ጻፈ። በዚያ ጊዜ ግን በስም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሐን ሆንግ በደቡብ አገር ገዥ ነበር። ጸሐፊዎቹም የሁለቱንም ስም መልሰው አቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሽማግሌው በአንድ ወቅት እሳት ስለማይነድድበት የጸደይ በዓል የጻፈውን ግጥም በእጁ ጻፈና፥ ለዚህኛው ሐን ሆንግ ይሰጥ አለ። ዌይ ይህ ግጥም ያንተ አይደለምን ብሎ ጠየቀው። የእኔ ነው አለ ሐን ሆንግ፤ ስሕተት አለመሆኑንም ያን ጊዜ አወቀ። ሲነጋ አገረ ገዥውና ይንቁት የነበሩት ወጣቶች ሁሉ በደጁ ተገኙ። ይህ የሆነው ደዞንግ በነገሠበት መጀመሪያ፥ በ780 ዓመት ገደማ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የንጉሠ ነገሥቱን ብልሃት ነው። ይገባዋልም። ሆኖም ስማቸው ያልተጻፈው እነዚያ ጸሐፊዎች ከዚህ ያላነሰ ምስጋና ይገባቸዋል። ትእዛዙ ከላይ መጥቷል፤ ስሙ ተጽፏል፤ ዝም ብለው ሹመቱን በማዕርግ ለሚበልጠው ለአገረ ገዥው ቢልኩት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ምናልባትም ንጉሠ ነገሥቱን መልሶ መጠየቅ የሚያስቈጣው መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። እነርሱ ግን ሁለቱንም ስም ይዘው ተመልሰው «የትኛው?» አሉ። በዚህች ጥያቄ ምክንያት አንድ ሽማግሌ ከነክብሩ ለሞት በቃ።

የዘንግ ሸን ጎረቤቶች ያልጠየቁትን የደዞንግ ጸሐፊዎች ጠየቁ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዕውቀት አይደለም፤ የሁለቱም ወገን ዕውቀት አንድ ስም ብቻ ነበር። ልዩነቱ ጸሐፊዎቹ ስምን ሰው ነው ብለው አለመቀበላቸው ነው። መዝገብ ለሚይዝ፥ የሹመትና የቅጣት ደብዳቤ ለሚያዘጋጅ፥ የምስክር ቃል ለሚቀበል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ሁለት ፊደል ወይም ሦስት ፊደል ይሆናል፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ግን እንጀራ ያለው፥ እናት ያለችው፥ የደከመበት ሥራ ያለው ሰው ነው። ደግ ነገርም ሆነ ክፉ ነገር በስሙ ሲመጣ፥ ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት የአባቱን ስም፥ አገሩን፥ ሥራውን መመልከት ያስፈልጋል። ያም ካልበቃ ወረቀቱን ይዞ ወደ አዛዡ መመለስና የትኛው ማለት ነውር የለበትም።